መብራቷን አስተኟት

ባለፈው ሳምንት ጎማዬን ላስቀይር እዚህ ቶሮንቶ፣ ዌስተን ሰፈር ካለ አንድ ጎማ ቤት ተቀምጬ ሁለት የሐበሻ ልጆች ሲከራከሩ ሰማሁ። በመስኮቱ በኩል አንዲት መኪና ትታያለች፤ በባትሪ የምትሄድ፣ አራት በር ያላት፣ ግንባሯ ላይ ያቺ የምትጋልብ ፈረስ የተለጠፈባት። አንደኛው «ይሄ ሙስታንግ አይደለም ብሮ፣ ሙስታንግ ፎር ዶር የለውም» ይላል። ሌላው «የሠሩት ሰዎች ሙስታንግ ነው ካሉ ሙስታንግ ነው፣ አንተ ማነህ?» ይለዋል። ትንሽ ተከራከሩ፣ ሳቁ፣ ትከሻ ለትከሻ ተገፋፉ፣ ቡናቸውን ይዘው ወጡ። በቃ፣ አለቀ። እኔ ግን እዚያው ወንበር ላይ ቀረሁ፤ መኪናህ አልቋል ሲሉኝ እንኳ አልተነሳሁም። ወይ ነዶ! ይሄን ሁሉ ዘመን አልፌ፣ ፀጉሬ ነጥቶ፣ ጉልበቴ ከድቶኝ፣ ይቺ ነገር አሁንም አልለቀቀችኝም።

ያኔ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ከአገር ቤት የተሰደድን ሰዎች የምንኖረው ሴንት ጄምስ ታውን ነበር፤ ከእነዚያ ተጠጋግተው ከቆሙት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ አሥራ ምናምነኛ ፎቅ ላይ። ከሊፍቶቹ አንዱ ሁልጊዜ የተበላሸ ነው፤ በሚሠራው ውስጥ ደግሞ የዓለም ሕዝብ ወጥ በሙሉ ይሸታል። ሰብዌይ፣ የምድር ባቡሩ፣ የሚኬደው በቶክን ነው፤ ያቺ ትንሽ የብረት ሳንቲም የኪስህን ቀዳዳ አግኝታ ከወጣች በእግርህ ነህ። ቤንዚን ሊትሩ ሃምሳ ምናምን ሳንቲም ሆኖ እንኳ «ኧረ ሰማይ ነካ!» እያልን እናለቅስ ነበር። ሁላችንም ጥቁር የቆዳ ጃኬት ነበረን፤ ስፓዳይና ጎዳና ላይ ከአንድ ሱቅ፣ ሻጩን ነዝንዘን ነዝንዘን የገዛናት። ትከሻዋ ሰፊ፣ ወገቧ ላይ የምትሰበሰብ። ያ ሁሉ ሰው አንድ ዓይነት ጃኬት ለብሶ በፓርላመንት ጎዳና ሲሄድ የሚያይ ፈረንጅ ወይ ፖሊስ ናቸው ይላል፣ ወይ ፖሊስ ይጠራል። ቀበቶ ላይ ፔጀር፣ ሰው ሲፈልግህ የምትጮኸውን ማሽን፣ መሰካት ደግሞ ትልቅ ሰው ያስመስል ነበር። ለማንም የማይጮኽ ፔጀር ሰክቶ የሚዞረውን ቤት ይቁጠረው።

ቅዳሜ ጠዋት የምንሰበሰበው ጥግ ላይ ባለችው ዶናት ቤት ነበር። ገሚሱ ታክሲውን አስረክቦ ዓይኑ እንደቀላ ይመጣል፤ ገሚሱ ፓርኪንግ ሎት ሥራ ሊገባ ሲል ጎራ ይላል። እኔ ዌስተን አንድ ጋራዥ ውስጥ ባትላሜራ ነበርኩ፤ የተጋጨ መኪና አቃናለሁ። ያኔ ሲጋራ ቤት ውስጥ ይጨስ ስለነበር ጃኬታችን እስከ ሰኞ ድረስ ይሸታል። ቡና አንድ ዶላር አይሞላም፤ አንዷን ኩባያ ይዘን እኩለ ቀን እናደርሳታለን፣ ሻጯ ሴትዮ ዓይኗን ብታጉረጠርጥም የሚሰማት የለም። ፖለቲካ ማንሳት ክልክል ነው። ይሄን ደንብ ያወጡት ጋሽ ዘውዴ ናቸው፤ የሁላችን ታላቅ፣ ድሮ አገር ቤት ጉምሩክ የሠሩ፣ ቁጡ ግን ሆደ ቡቡ ሰው። «በፖለቲካ የተጣላ በቅቶናል፤ መኪና አውሩ» አሉን። መኪና አወራን። መኪና ስንል ደግሞ ሙስታንግ ማለታችን ነው። እኔና መስፍን ናዝሬት አንድ ሰፈር ነው ያደግነው፤ የአንድ ብርቱካን እርሻ ባለቤት ልጅ ቀይ ሙስታንግ ነበረችው፣ ከኋላዋ በግራ በቀኝ ሦስት ሦስት መብራት በቁሙ የተሰደረላት። ፍሬን በያዘ ቁጥር ያ ሁሉ መብራት ቦግ ሲል ሰፈር ሙሉ ልጅ እልል ይላል። ሌሎቹም እያንዳንዳቸው ከየከተማቸው እንዲህ ያለች አንዳንድ መኪና በልባቸው ይዘው የመጡ ናቸው።

መስፍን የሰብሳቢነት ነገር ከልጅነቱም ነበረበት። እጁን ከፍ አድርጎ «ቤቱ ጸጥ ይበል!» ሲል ዶናት ቤቷ ውስጥ ያሉት ፈረንጆች ሳይቀሩ ዝም ይላሉ። የእኛ ዕድሜ ሰው ያውቀዋል፤ በዚያ በደርግ የጉድ ዘመን ሁላችንም በውይይት ክበብ ውስጥ ያለፍን ነን። «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ»፣ «ጓዱ ከአጀንዳ ወጥተዋል»፣ «ሂስና ግለ ሂስ» የምንለው ነገር ምላሳችን ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። በቀልድ ነበር የጀመርነው። መስፍን ሊቀመንበር ሆነ፣ እጅ እያወጣን መናገር ጀመርን፣ ተራ ያለፈ ሰው ሂስ ይደረጋል፣ ተነስቶ «ተሳስቻለሁ» ብሎ ይቀመጣል፣ እንስቃለን። አገር ቤት ሰው ያሳሰሩ፣ ሰው ያስገደሉ ቃላት ነበሩ። እዚህ ስንመጣ የምንጣላበት ነገር ስላልነበረን መኪና ሰጠናቸው።

አንድ ቅዳሜ ብርሃኑ መጽሔት ይዞ መጣ። ብርሃኑ ታክሲ ነጂ ነው፣ የመስፍን ጥላ፤ መስፍን ከሳቀ ይስቃል፣ ካኮረፈ ያኮርፋል። የሚመጣው ዓመት ሙስታንግ ፎቶ ነው ብሎ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልን። ጋሽ ዘውዴ መነጽራቸውን አውጥተው አጎነበሱና «ይቺማ የሟሟ ሳሙና ናት!» አሉ። ድሮ ማዕዘን የነበራት መኪና ክብ ሆናለች። መስፍን ጣቱን ከኋላዋ ላይ አሳርፎ ድምፁ ተለወጠ፤ «መብራቷን አስተኟት» አለ። ሰው የሞተበት ነው የሚመስለው። «እዩ፣ ስንት ዓመት የነሷትን ሦስት መብራት መልሰውላት ሲያበቁ፣ አስተኟት!» እውነቱን ነው፣ በቁሙ የነበረው በአግድሙ ተኝቷል። ብርሃኑ «ይሄ ክለሳ ነው!» ብሎ ጠረጴዛ መታ። ያኔ እኔም ከእነሱ ጋር ነበርኩ፤ «አበላሿት» ያልኩ እኔም ነኝ። ዊንተሩ ከገባ ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበረም። ሁለት ሰዎች ብቻ «ፈረሷን እኮ ግንባሯ ላይ መልሰዋታል፣ ጎኗ ላይም ያቺን የድሮዋን የአየር ማስገቢያ ጉድጓድ አስገብተውላታል» ብለው ሊከላከሉላት ሞከሩ፤ «አድርባይ» ተብለው ተቀመጡ። በመጨረሻ መስፍን ድምፅ አሰጠ። አዲሷ ሙስታንግ ሙስታንግ አይደለችም ተብሎ በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ዶናት ቤት ውስጥ!

ልክ እጃችን ከወረደ በኋላ ሰናይት ገባች፤ የመስፍን ሚስት። ሆዷ ገፍቷል፣ ኮቷ አልዘጋ ብሏታል፣ ባሏን ፍለጋ በበረዶ መጥታለች። ምን እንደወሰንን ስትሰማ ከእግር እስከ ራሳችን አየችንና «ለመሆኑ ከእናንተ ውስጥ ሙስታንግ ያለው ማነው?» አለች። አንዱ ዝገት የበላው ኮሮላ አለው፣ አንዱ የሰው ታክሲ፣ አንዱ ቶክን። «እኔ ልሙት፣ የላችሁም!» ብላ ስትስቅ እኛም ሳቅን። እኔና ሰናይት እንደ እህትና ወንድም ነበርን። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባት ሁለቱንም ጊዜ ሆስፒታል ያደረስኳት እኔ ነኝ፤ መስፍን ታክሲ ላይ ነበር። ስለዚህ ያን ዕለት በሁሉም ሰው ፊት «ጌቱ፣ ወንድ ከሆነ ክርስትና የምታነሳው አንተ ነህ፣ ከአሁኑ ልንገርህ ብዬ ነው» አለችኝ። መስፍን ተነስቶ አቀፈኝ፤ «አበልጅ!» አለኝ ጆሮዬ ላይ ጮኾ። እኔ ልጅ የለኝም። አግብቼ ነበር፣ አልሆነም፤ ሳይሰጠኝ ቀርቷል። አበልጅ መሆን ለሌላው ሰው ወግ ነው፣ ለእኔ ግን ልጅ ማግኘት ነበር። ያን ቀን ወደ ጋራዡ ስሄድ ሰብዌዩ ውስጥ መውረጃዬ አልፎኝ ሁለት ፌርማታ ሄጄ ነው የነቃሁት።

መቼም ነገር ሲመጣ አይታይም። አለቃዬ አንዲት የተጋጨች መኪና አስጎተተ። አዲሷ ሙስታንግ ናት፣ ቀይ፣ ገና ከሱቅ በወጣች በወሯ የሀብታም ልጅ ከግንብ ጋር ያጋጫት። ኢንሹራንሱ ቶታል፣ አትጠገንም፣ ብሏታል። አፍንጫዋ የለም፣ ኮፈኗ ተጣጥፏል፣ አንድ በሯ አይከፈትም። አለቃዬ «ከፈለግህ ውሰዳት፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ እዚሁ ሥራት» አለኝ። ወሰድኳት። ለምን? ቀይ ስለነበረች ይሆናል፣ እንጃ። ማታ ማታ ሁሉም ሰው ከሄደ በኋላ እሷን ማቃናት ጀመርኩ። ሰው ብረትን በእጁ ካልያዘው አያውቀውም። ፎቶ ላይ ሳሙና ያልናት መኪና፣ መዶሻዬን ይዤ ጎኗን ስከተል፣ ያች ጎኗ ላይ ያለችው መስመር ከድሮዋ የወረደች መሆኗን እጄ ነገረኝ። ውስጧ ስገባ ዳሽቦርዱ እንደ ድሮዋ ሁለት ቦታ ጉብ ብሏል። ሰዎቹ የድሮዋን ረስተው አልነበረም። ስቱኮዋን ስሞርድ፣ ቀለሟን ስነፋ፣ መብራቷን ስገጥም ወደድኳት። አዎ፣ የተኛውን መብራት! ሲበራም አየሁት፣ ያምራል። ሬዲዮኗ ውስጥ ደግሞ ሁለት ፊቷ ያለቀ አንዲት የክራር ካሴት ከትቼ ብቻዬን ጋራዥ ውስጥ እያዜምኩ እሠራ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ አያውቅም ብል ውሸት አይደለም።

በረዶው ሲቀልጥ አንድ ቅዳሜ ነድቻት ዶናት ቤቷ በር ላይ አቆምኳት። ሰናይት ልትወልድ ቀኗ ደርሷል፤ «አበልጅ እንዲህ ያለ መኪና ይዞ ይመጣል» ልላት አስቤያለሁ። ሁሉም በመስኮት ሲያዩኝ አየኋቸው። ገባሁ። እንግዲህ በእኛ ወግ ሰው አዲስ ነገር ሲይዝ፣ መጥፎም ይሁን ጥሩ፣ አስቀድሞ «በደስታ ንዳው፣ ከክፉ ይሰውርህ» ይባላል። ጫማ ስትገዛ እንኳ ትመረቃለህ። ጋሽ ዘውዴ ሊመርቁኝ እጃቸውን ዘርግተው ብድግ ሲሉ መስፍን «ጋሽ ዘውዴ፣ ይቀመጡ እስቲ። ስብሰባ ላይ ነን» አላቸው። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ተቀመጡ። «ቤቱ የወሰነው ውሳኔ ነበር» አለ መስፍን። «ጓድ ጌታቸው እጁን አውጥቶ የደገፈው ውሳኔ። አሁን ውሳኔውን ረግጦ ነድቷት መጥቷል።» ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። «እንግዲህ ይነሱና ግለ ሂስ ያድርጉ» አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ናዝሬት ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ አቁመውኝ ነበር። አባቴ ወፍጮ ስለነበረው ብቻ። «ፀረ ሕዝብ ነኝ፣ ተሳስቻለሁ» እስክል ድረስ አላስቀመጡኝም። እናቴ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ትሰማ ነበር። ከዚያ በኋላ እናቴ ቀና ብላ ሰፈር ውስጥ አልሄደችም። ይሄን ቶሮንቶ ውስጥ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው፤ መስፍን። እሱ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ነበር፤ ሲያልቅ ቤት ድረስ የሸኘኝም እሱ ነው። ለዚህ ነው ዶናት ቤቷ ውስጥ ሌላው ሲቀልድ ሁሉ እኔን አንድም ቀን ግለ ሂስ ጠይቆኝ የማያውቀው። እስከዚያ ቀን።

«መስፍን፣ እኔን ይሄን አትጠይቀኝ» አልኩት ቀስ ብዬ። ገብቶታል፤ ዓይኑ ላይ አይቼዋለሁ። ዝም ቢል፣ ቀልዱን ወደ ሌላ ቢያዞረው ያልቅ ነበር። ግን ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ብርሃኑ «ይነሳ! ይነሳ!» ይላል፣ ሊቀመንበር ነዋ! «ጓዱ ቆሞ ተሳስቻለሁ ይበል፣ ከዚያ ቡና እንጋብዘዋለን» አለ። ደሜ ፈላ። «የሌለህን መኪና ስትጠብቅ ያለህን ሰው እንዳትጥል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ» አልኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አሁን የሳቁት በእሱ ነው። ዛሬም ብሆን እለዋለሁ፤ አልጸጸትበትም። መስፍን ግን ፊቱ ዐመድ መሰለ። መሰደብ አይደለም የጎዳው፣ መሳቃቸው ነው። እኔ መኪናዬን አስነስቼ ስሄድ ድምፅ አሰጥቶ አባረረኝ። ማታ ጋሽ ዘውዴ ስልክ ደወሉልኝ፤ «አንተ ልጅ፣ ቀልድ ነው እኮ፣ ሳምንት ና» አሉኝ። በሳምንቱ ሄድኩ። አንድም ሰው ወንበሩን አላስጠጋልኝም። ጋሽ ዘውዴ ብቻ «ና እዚህ» ሲሉ መስፍን ወሬውን ቀጠለ፣ እኔ እንደሌለሁ። ቡናዬን ቆሜ ጠጥቼ ወጣሁ። ያን ሁሉ ዓመት አብሮኝ የበላ፣ ታሞ የጠየቅሁት፣ ዕቃ የተሸከምኩለት ሰው ሁሉ ኩባያውን ያያል። አይ ሰው!

ልጁ ተወለደ፤ ወንድ። የሰማሁት ከሰው ነው። ሰናይት ከአራስ ቤት ደወለችልኝ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ መስፍን እንዳይሰማ ይሆናል። «ግድ የለህም ጌቱ፣ ይበርድለታል። አንተ ሱፍህን አስተኩስ» አለችኝ። አመንኳት። ሱፌን አስተኮስኩ፣ ነጠላ አስመጣሁ፣ ማተብ የምትሆን ሦስት ቀለም ክር አስገመድኩ። የክርስትናው እሑድ ያኔ ከፈረንጆች ተከራይተን በምናስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ማለዳ ተገኘሁ። ሰዉ ሰላም ሲለኝ ዓይኑን ይሰብራል፤ እኔ ሞኙ የማለዳ እንቅልፍ ነው ብያለሁ። ጊዜው ሲደርስ ቄሱ «የክርስትና አባቱ ይቅረብ» አሉ። ወደፊት ሄድኩ። ከሌላው ወገን ደግሞ ብርሃኑ መጣ፣ እሱም ነጠላ ለብሶ። ቄሱ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አዩና «የትኛችሁ ናችሁ?» ብለው ወደ አባትየው ዞሩ። መስፍን እኔን አየኝ። በደንብ አየኝ፤ የልጅነት ጓደኛዬ፣ ከአዳራሹ ቤት ድረስ የሸኘኝ ሰው። «ብርሃኑ ነው» አለ። ሰናይት አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች። ብርሃኑ ልጁን ተቀበለ። እኔ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ነጠላዬን ለብሼ፣ ክሬን በእጄ ጨብጬ፣ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ከቆምኩት ይሄ ባሰብኝ። እዚያ ያቆሙኝ ጠላቶቼ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ምን ይወራል። ብርሃኑ ልጁ ገና ድክ ድክ ሳይል ወደ ካልጋሪ ሥራ ፍለጋ ነጎደ፤ አበልጅነቱም እዚያው ቀረ፤ ለፋሲካ እንኳ ስልክ እንደማይደውል ሰምቻለሁ። የዶናት ቤቱ ስብስብም ተበተነ። አንዱ ብራምፕተን ቤት ገዛ፣ አንዱ ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ገባ፣ ሁሉም ልጅ ወለደ፣ ሁሉም ሚኒቫን ነዳ። ሙስታንግ የገዛ አንድም የለም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ያቺን መኪና እንደገና ቀየሯት፤ ማዕዘን አወጡላት፣ መብራቷንም መልሰው አቆሙት። ይሄን ሳይ ጎዳና ላይ ቆሜ ብቻዬን ተሳደብኩ፤ የሚያልፈው ሰው እብድ መሰልኩት። እንደዚያ ሊመለስ ነው ያ ሁሉ? የእኔዋን የመንገድ ጨው ከሥር በላት፣ ወለሏ ተበሳ፣ ሸጥኳት። ልጁን አንዳንዴ በዓል ላይ ከሩቅ አየው ነበር፤ ቀጭን ነው፣ እናቱን ይመስላል። ቀርቤ አላውቅም። ምን ብዬ?

ባለፈው ዓመት ጋሽ ዘውዴ አረፉ። ለቅሶው ጄን ኤንድ ፊንች ልጃቸው ቤት ነበር፤ ጠባብ ሳሎን፣ ግድግዳ ይዞ የተደረደረ የኪራይ ወንበር። አጠገቤ ያለው ሰው ሲነሳ ሌላ ሰው መጥቶ ተቀመጠ። መስፍን ነው። አርጅቷል፤ ከዘራ ይዟል። «ጌቱ» አለኝ። «መስፍን» አልኩት። ቆሎ ዘገንን። ስለ ሟቹ ትንሽ አወራን፤ ደግነታቸውን፣ ቁጣቸውን። ከዚያ ዞር ብሎ አየኝና «እንዲያው ለመሆኑ ያኔ በምን ነበር የተጣላነው?» አለኝ። የሚያሾፍ መሰለኝ፤ ፊቱን አየሁት። አያሾፍም። ከምሩ ነው የሚጠይቀኝ። ረስቶታል። እኔ በዚያ ነገር ላይ ተኝቼ የተነሳሁበትን ዘመን ሁሉ እሱ ረስቶት ኖሯል። ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ከየት ይጀመራል? «እኔም ረስቼዋለሁ» አልኩት። «አየህ፣ የማይረባ ነገር ነበር ማለት ነው» ብሎ ጉልበቴን ቸብ ቸብ አደረገው።

ወዲያው አንድ ረጅም ጎልማሳ፣ ጥሩ ካፖርት የለበሰ፣ ከበር ገብቶ ወደ እኛ መጣ። «ልጄ ነው፣ ሊወስደኝ መጥቶ ነው» አለኝ መስፍን። ከዚያ ወደ ልጁ ቀና ብሎ እኔን በእጁ አሳየና የሚለው ጠፋው፤ ትንሽ ፈለገ፣ «ይሄ ጌታቸው ይባላል፣ የድሮ የሰፈር ልጅ ነው» አለው። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ፤ እጁ ይሞቃል፤ ዓይኑ የእናቱ ነው። «ናይስ ቱ ሚት ዩ፣ ሰር» አለኝ፣ አባቱንም በክንዱ ደግፎ አስነስቶ ይዞት ሄደ።